ሰው ያልሞተበት ጡሩምባ

ዓመተ ምሕረቱን አልይዘውም። ብዙ ጊዜ ለማስታወስ ሞክሬያለሁ። አንዳንዴ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ይመስለኛል፣ አንዳንዴ ደግሞ ገና ፊደል ያልቆጠርኩ ይመስለኛል። የማውቀው ጥምቀት አልፎ ዐቢይ ጾም ሳይገባ መሆኑን ነው። ፀሐይዋ የበጋ ፀሐይ ነበረች፤ የእግሬ ጣቶች መሃል ግን ቀኑን ሙሉ እርጥብ ነበር። እሱን እስከ ዛሬ እግሬ ያስታውሰዋል።

ባለፈው ሰሞን ቃሊቲ መንገድ ዳር ቆሜ ታክሲ ስጠብቅ አንድ አይሱዙ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ጎማው ተንፍሶበት ነው። የጫነው አረንጓዴ ነገር ነው፤ ከጎኑ ውሃ ይንጠባጠባል። ነፋሱ ሽታውን ወደ እኔ አመጣው። የበሰበሰ ጎመን ይላል፣ ጭቃ ይላል፣ ትንሽ ደግሞ ዓሣ ዓሣ ይላል። ይህን ሽታ አውቀዋለሁ አልኩ በልቤ። ጭነቱ ላይ የተቀመጡትን ወጣቶች ምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። እንቦጭ ነው አባባ፣ ከአባ ሳሙኤል ሐይቅ ያወጣነው ነው አሉኝ። በቴሌግራም ተጠራርተው፣ ከወዲህም ከማዶም፣ ከላይ ሰፈርም ከታችም ወጥተው ነው።

«ሁላችሁም በአንድ ቀን?» አልኳቸው።

«በአንድ ቀን ካልሆነማ ዋጋ የለውም አባባ» አለኝ አንዱ፣ ቦት ጫማውን እያወለቀ ውሃውን ሲደፋ።

ታክሲዬ መጥቶ ሄደ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ያኔ እንቦጭ የሚለው ስም እኛ ሰፈር አልደረሰም። የውሃ ጎመን ነበር የምንለው። ቤታችን ከአቃቂ ከተማ ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ ሰፋ ሰፋ እያለ ወደ ሐይቁ ከሚገባበት አጠገብ ነው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበር ሐዲድ ሲጠግን ወደ አዋሽ በኩል ይከርማል፤ የሚመጣው ለትልልቅ በዓል ነው። ስለዚህ ቤቱን የያዘችው እማዬ ናት። አስካለ ትባላለች። ወንዙ ዳር ባለች ቁራሽ መሬት ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ካሮትም ታበቅላለች። የምንበላውም የምንለብሰውም ከዚያች ቁራሽ ነው። ቁራሿን የምታጠጣት ደግሞ ከወንዙ የተሳበች ጠባብ ቦይ ናት። ቦይዋ ውሃ ካመጣች እኛ አለን። ካላመጣች የለንም። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረኝም፤ እማዬ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ ቦይዋን አይታ ከዚያ ነው ፊቷን የምትታጠበው። ከዚያ አወቅሁ።

ጎመኑ መጀመሪያ የመጣው እንደ እንግዳ ነው፤ ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ተቀበለው። አበባው ሐምራዊ ነው፣ መሃሉ ላይ ቢጫ ዓይን የመሰለ ነገር አለው። ውሃ ሊቀዱ የሚወርዱ ሴቶች ፀጉራቸው ላይ ይሰኩት ነበር። እማዬም አንዱን በዘይት ቆርቆሮ አድርጋ ደጃፋችን ላይ አስቀመጠችው። እኔን ግን የገረመኝ አበባው አይደለም። የቅጠሉ እጀታ ላይ ያበጠች፣ እንቁላል የምታህል ነገር አለች፤ ስትጫናት ጧ ትላለች። ውስጧ ምንም የለም፣ አየር ብቻ ነው። የማን ትንፋሽ ነው ብዬ ብዙ አሰብኩ። በመጨረሻ አንድ ትልቅ ነገር ከውሃው ሥር ተኝቶ እንደሚተነፍስና ጎመኑ የሱ ፀጉር እንደሆነ ወሰንኩ። ከዚያ በኋላ አንዷን ባፈነዳሁ ቁጥር ቀስ ብዬ ይቅርታ እጠይቅ ነበር።

ደጃፋችን ያለችው ደግሞ ወለደች። አንድ ጠዋት ከጎኗ ቀጭን ገመድ ወጥቶ አየሁ፤ ጫፉ ላይ ትንሽዬ፣ ልክ እናቷን የመሰለች ቅጠል ተቀምጣለች። እትብቱ አልተቆረጠም። እማዬን አባቷ ማን ነው ብዬ ጠየቅኋት። ሥራ ፈት ብላ አባረረችኝ።

ብዙም ሳይቆይ ወንዙ ጠፋ። ማለቴ ውሃው አለ፤ ግን አይታይም። ሜዳ ነው የሚመስለው። የጎረቤታችን ውሻ እንኳን ሜዳ መስሎት ሲሮጥ ገባና ሰመጠ፤ ሲወጣ አበባ ተሸልሞ ወጣ። ለብዙ ቀን ሣር ባየ ቁጥር ቆሞ ያስብ ነበር።

ያኔ ነው ሥራ የተሰጠኝ። እማዬ አንድ ረጅም ባላ እንጨት ቆርጣ፣ የቦይዋ አፍ ላይ አቆመችኝ። ጎመኑ ሲመጣ በባላው ወደ መሃል እገፋዋለሁ። ጠዋት ጥሩ ነው፣ ነፋሱ ከእኛ ወደ ማዶ ነው የሚነፍሰው። ከምሳ በኋላ ነፋሱ ፊቱን ያዞርና የገፋሁት ሁሉ ይመለሳል። እኔ ደግሞ ማዶ ዘመድ ጠይቆ ማታ ቤቱ የሚገባ ነበር የሚመስለኝ። ሲመለስ ደግሞ ብቻውን አይመጣም፤ ልጆቹን አስከትሎ ነው። ቦይዋ መጀመሪያ ቀጠነች፣ ቀጥላ ደፈረሰች፣ በኋላ እርጥብ ጭቃ ብቻ ሆነች። የምንበላው ጎመን ቅጠል ጠርዙ ቢጫ ማለት ጀመረ።

አንድ ምሽት እማዬ እግሬን በሙቅ ውሃ እያጠበችልኝ፣ ቀና ሳትል፣ እንዲህ ከቀጠለ ሞጆ አክስትህ ጋ ትሄዳለህ አለችኝ። አክስቴ ልጅ የላትም፤ እኔን ስጪኝ እያለች ስትለምን ነው የኖረችው። አባቴ ለቅበላ ሲመጣ በባቡር ይወስደኛል ማለት ነው። እማዬ ካኪ ቁምጣዬንና ሹራቤን በአሮጌ ነጠላ ቋጥራ በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ሰቀለቻት። አላለቀሰችም፤ እኔም አላለቀስኩም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ስነሣ የማየው ያችን ጥቅል ነበር።

ማዶ ያሉት የኦቦ ጉደታ ሰዎች ናቸው። ኦቦ ጉደታ ብዙ ከብት ያላቸው፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ወንዝ የሚሻገር ሰው ናቸው። ከብቶቻቸው የሚጠጡበት ቦታ እንደኛው በጎመን ተዘግቷል። እኛ ጠዋት ወደሳቸው እንገፋለን፣ የሳቸው ልጆች ከሰዓት ወደኛ ይገፋሉ። ከላይ ያለው የፋብሪካ ሰፈር ደግሞ የራሱን ነቅሎ ለወንዙ ይለቀዋል፤ እሱም እኛው ላይ ይመጣል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ስድብ ውሃውን ያቋርጣል። ኦቦ ጉደታ እናንተ ጎመን ዘሪዎች ናችሁ፣ ይህም የናንተው ዘር ነው፣ መጥታችሁ እረሙት ይላሉ። ከእኛ በኩል ከብት ያለው ሰው ጎመን ሲያገኝ ያመሰግናል እንጂ ይጮኻል ወይ ተብሎ ይመለስላቸዋል። አንድ ቀን ጥጃቸው ጎመኑ ውስጥ ገብታ በገመድ ተጎትታ ሞታ ወጣች። ያን ቀን ማንም አልተሳደበም። እኛም እነሱም ቆመን ጥጃዋን አየን።

አሁን ስለ ጡሩምባው ልንገራችሁ።

የሰፈራችን ዕድር ለፋፊ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው ጡሩምባ ይነፋሉ፣ ከዚያ የሟቹን ስም ጠርተው ቀብሩ የት እንደሆነ ያሰማሉ። ትልቁም ትንሹም ጋሼ ጡሩምባ ነበር የሚላቸው። እኔ እኚህን ሰው እፈራቸው ነበር። ምክንያቱም ነገሩን ገልብጬ ነው የተረዳሁት። እሳቸው ሲነፉ ሰው ይሞታል ብዬ ነው የማምነው። ነፍተው የጠሩት ሰው ሁሉ ሞቶ ይገኛል፤ አንድም ቀን ሲስቱ አላየሁም። ስለዚህ በመንገድ ሳገኛቸው ስሜን እንዳያውቁት እደበቅ ነበር።

ቀን ቀን የዕድሩን ዕቃ ቤት ይጠብቃሉ። ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ አካፋና ዶማው፣ ቃሬዛውም እዚያ ነው። ወደ ቦይዋ ስሄድ በዚያ ነው የማልፈው። አንድ ቀን ባላዬ ተሰነጠቀብኝና እያለቀስኩ ሳልፍ ጠሩኝ። መሮጥ አልቻልኩም። ባላውን ተቀብለው በጠፍር አሰሩልኝ፣ ሲያስሩም አንድ ነገር አልጠየቁኝም። ዝም ሲሉኝ እኔ ጠየቅኋቸው። ጡሩምባው ሲነፋ ያማል ወይ አልኩ። ከንፈር ያማል እንጂ ጡሩምባውን አያመውም አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ሳላቋርጥ እሄድ ጀመር። ቆርቆሮዬንም ወስጄ አሳየኋቸው፤ ያኔ ከእናቲቱ ጎን የልጅ ልጅ ሁሉ ተሰልፏል። ጥያቄዬን የሚመልሱልኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ። የማያውቁትን አላውቅም ይላሉ፤ ግን አላውቅም ከማለታቸው በፊት ረጅም ጊዜ ያስባሉ። ሥሩ ለምን ጥቁር ሆነ፣ ዓሣ በጎመኑ ሥር ሲሄድ ጨለማ አይፈራም ወይ፣ ሞጆ ያለው ውሃ ከእኛው ውሃ ጋር ይገናኛል ወይ። የሞጆን ነገር ስጠይቅ ለምን እንደጠየቅሁ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ስለ ጥቅሏም ነገርኳቸው።

በዚያው ሰሞን ከእርሻ መሥሪያ ቤት አንድ ካኪ የለበሰ ሰው መጣ። ጎመኑን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ አንሥቶ፣ ገልብጦ አይቶ፣ ውሃ ያለበት ዕቃ ውስጥ አስገባው። የጎመኑ ባለቤት መጣ ብዬ ነበር፤ ሁሉንም ጠርቶ ይዞ ይሄዳል ብዬ ስጠብቅ አንዷን ብቻ ይዞ ሊሄድ ነው። ከመሄዱ በፊት ግን ወፍጮ ቤቱ ግቢ ሰዎቹን ሰብስቦ ደኅና አድርጎ አስረዳ። ከላይ ሰፈርም፣ ከእኛም፣ ከማዶም በአንድ ቀን ካልነቀላችሁ ትርፉ ድካም ነው አለ። አንዱ ሲነቅል ሌላው ቁጭ ካለ ያው ይመለሳል። የነቀላችሁትንም ዳር አትተዉት፣ ከውሃው አርቁት፣ ቁራጭ ከቀረች ከሷ ይበቅላል። እኔ የቆርቆሮዬን ገመድ አይቻለሁና አመንኩት። ሰዎቹም አመኑት።

ችግሩ ቀኑ ነው።

ሰውየው ከሄደ በኋላ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ቀን ሊመርጡ ሞከሩ። እኔ ወፍጮ ቤቱ ደጅ ዱቄት በዱቄት ሆኜ እሰማለሁ። የፋብሪካ ሰፈር ሰዎች ከእሑድ በቀር ዕረፍት የላቸውም። በእሑድ ደግሞ ዶማ አይነሳም። የእኛ ሰፈር ደብር ሚካኤል ነው፣ የላይኞቹ ጊዮርጊስ፣ ከሐይቁ በታች ያሉት አቦ፤ እያንዳንዱ የራሱን ቀን አይሠራም፣ በሌላው ቀን ደግሞ ማኅበር አለበት። ሱቅ ያላቸው ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ዓርብ ጁምዓ አለብን አሉ። ኦቦ ጉደታ ከብቶቹን ለጨው ውሃ ሆራ የምናወርድበት ቀን አይሆንም አሉ። የተረፈው ቀን ገበያ ነው። ሲደማመር አንድም ቀን አልተረፈም። እኔ በጣቴ እየቆጠርኩ ጣቴ አለቀ። ጎመኑስ የማንን በዓል ነው የሚያከብረው ብዬ እማዬን ብጠይቃት የማንንም አለችኝ፣ ቁጣ ባለው ድምፅ። ስብሰባው ለሌላ ስብሰባ ቀጠሮ ተይዞ ተበተነ። ቅበላ ደግሞ እየቀረበ ነው።

በማግስቱ ዕቃ ቤቱ ደጅ ከጋሼ ጡሩምባ ጋር ተቀምጠን ሳለ ይህንኑ አነሣሁ።

«ጋሼ፣ ሰው ሲሞት ግን ሁሉም በአንድ ቀን ነው የሚመጣው» አልኳቸው። «ከማዶም ይመጣሉ። ለምንድን ነው?»

«ለቀብር ነዋ።»

«በሚካኤል ቀንስ?»

«ሬሳ በየትኛውም ቀን ይቀበራል።»

ከዚያ እንደ ልማዳቸው ማሰብ ጀመሩ። እኔ ሌላ ጥያቄ ጀምሬ ነበር፤ አልሰሙኝም።

ጎህ ሊቀድ ሲል ጡሩምባው ተነፋ። እንደ ወትሮው አጭር አልነበረም፤ ረዘመ። ቆም ይልና እንደገና ይነፋል። እማዬ ተስፈንጥራ ተነሣች። የሟች ስም ጠበቅን፤ ስም የለም። የጋሼ ጡሩምባ ድምፅ ብቻ ወደ ወንዙ፣ ወደ ወንዙ ይላል። ሰው ውሃ ገባ ማለት ነው። እማዬ መጀመሪያ ያደረገችው በጨለማ እኔን መፈለግ ነው። አጠገቧ ተኝቻለሁ፤ ግን ጭንቅላቴን፣ ትከሻዬን፣ እግሬን በእጇ ሁሉ ዳሰሰችኝ። እንደዚያ ጥብቅ አድርጋ ይዛኝ አታውቅም። ከዚያ እጄን ይዛ ወጣን።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ሰዉ እየተንጋጋ ይመጣል። ገመድ የያዘ አለ፣ ረጅም እንጨት የያዘ አለ። የፋብሪካ ሰፈር ዕድሮች ሰምተው ወርደዋል፤ ማዶም ችቦ ይታያል። እናቶች ልጆቻቸውን በስም እየጠሩ ይቆጥራሉ። ጠጪ ባል ያላት አንዲት ጎረቤታችን፣ ማታ ቤት ስላልገባ በቃ እሱ ነው ብላ ደረቷን እየመታች ታለቅስለታለች፤ ደጉ ባሌ፣ ክፉ ከአፉ የማይወጣው ትለዋለች። ባልየው ከየት እንደሆነ እንጃ መጥቶ ከኋላዋ ቆሞ፣ ዓይኑን እያሻሸ፣ ማን ነው የሞተው ብሎ ጠየቃት። ዞራ አየችው። ደግነቱን እዚያው ላይ ረስታ በነጠላዋ ጫፍ ፊቱን ጠፈጠፈችው።

ጋሼ ጡሩምባ ከፍ ካለ ድንጋይ ላይ ቆመዋል። ጡሩምባው እጃቸው ላይ ነው። አጠገባቸው የዕድሩን አካፋና ዶማ ሁሉ አውጥተው ደርድረዋል። የዕድሩ ዳኛ ባሻ ወልዴ ሰዉን ገፋ ገፋ አድርገው ፊታቸው ቆሙና ማን እንደገባ ጠየቁ።

«ማንም አልገባም» አሉ ጋሼ ጡሩምባ። «ማንም አልሞተም። ጥፋቱ የኔ ነው። ዛሬ ግን ሁላችሁም እዚህ ናችሁ።»

ከዚያ ቁጣው መጣ። በሞት ይቀለዳል ወይ ያለ አለ፣ አርጅተዋል ያለ አለ። እማዬ እጄን እስኪያመኝ ጨበጠችው። ባሻ ወልዴ ዛሬ ሚካኤል መሆኑን፣ ዶማ እንደማይነሣ፣ ሰዉም ወደየቤቱ እንዲገባ ተናገሩ። አንዳንዱ መሄድ ጀመረ። እኔ የማየው ቦይዋን ነው። ከአፏ እስከ መሃል ወንዙ ድረስ አረንጓዴ ነው። ሚስማሩ ላይ ያለችው ጥቅል በዓይኔ መጣችብኝ።

በዚህ መሃል ኦቦ ጉደታ ከሰዎቻቸው ጋር በድልድዩ ዞረው ደረሱ። ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፣ እንደ ለቀስተኛ። አካም ቡልተኒ ብለው ሰላምታ ሰጡና ሬሳው የት እንዳለ ጠየቁ። ተነገራቸው። ጎመኑን አዩ፣ አካፋዎቹን አዩ፣ ጋሼ ጡሩምባን አዩ። መጀመሪያ የሚስቁ መስሎኝ ነበር። አልሳቁም።

«እኔ ላሜን ሳላልብ ነው የመጣሁት» አሉ። «ለቀብር የወጣ ሰው ሳይቀብር ቤቱ አይገባም። እኛ ዘንድ ነውር ነው፣ ለቤትም ጥሩ አይደለም። እናንተስ ዘንድ?»

እኛም ዘንድ እንዲያው ነው፤ ሁሉም ያውቃል።

«እንግዲያው የሚቀበር አምጡ» አሉና ወደ ጎመኑ አመለከቱ።

«ዛሬ ሚካኤል ነው እያልኩ» አሉ ባሻ ወልዴ።

«ቀብር ነው እኮ ባሻ። ሚካኤል ቀብር ይከለክላል?»

ባሻ ወልዴ ብዙ ቆሙ። ሰዉ ሁሉ የሳቸውን አፍ ነው የሚያየው። ሰማዩ እየነጣ ነው፣ አበባዎቹም አንድ ባንድ መታየት ጀምረዋል። በመጨረሻ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ቀብር አይከለከልም» አሉ። «ጉድጓዱ ግን ከውሃው ይራቅ።»

ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም ምን ላድርግ ብሎ አልጠየቀም። ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚገርመኝ። ስብሰባ ሙሉ ቀን ተቀምጦ ያልተስማማ ሰው፣ ቀብር ሲባል እያንዳንዱ የራሱን ቦታ ያውቃል። ጉድጓድ ቆፋሪዎቹ ሁሌም የሚቆፍሩት ሰዎች ናቸው፤ አካፋቸውን አንሥተው ዳገቱ ላይ ወጡ። የላይ ሰፈር ሰዎች ከላይ ጀመሩ፣ የኦቦ ጉደታ ሰዎች በማዶ፣ እኛ በወዲህ። በገመድ ከበው ወደ ዳር ይስቡታል፣ እዚያ የቆሙት በእጅ ያወጡታል። ቃሬዛውን ማንሣት አይገባም ብለው የተከራከሩ ነበሩ፤ ግን ሌላ መሸከሚያ ስላልነበረ አነሡት። አራት አራት ሆነው ጎመን ተሸክመው ዳገት ሲወጡ ከኋላ የሚከተል ሰው ልማድ ሆኖበት ቀስ ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው። ሱቅ ያላቸው ጎረቤቶቻችን ሱቃቸውን ሳይከፍቱ ነበር የመጡት፤ እነሱም ሱሪያቸውን ሰብስበው ገቡ። ሴቶቹ እንደ ወጉ ንፍሮ ጣዱ። ያቺ ሚስትና ባሏ አንድ ገመድ በሁለት ጫፍ ይዘው ሲጎትቱ እኔ ራሴ አይቻለሁ።

እኔ ባላዬን ይዤ ቦይዋ አፍ ላይ ነበርኩ። የመጨረሻው እጅብታ ከአፏ ሲነሣ ሥሩ ጥቁር ፂም መስሎ ተንጠልጥሎ ወጣ። ሥሩን ተከትዬ ወደ ታች አየሁ፤ የተኛው ነገር ይነሣል ብዬ። ምንም የለም። ውሃ ብቻ ነው። ውሃው መጀመሪያ የቆመ መሰለ፣ ከዚያ እንደሚያቅማማ ሰው ትንሽ ገባ፣ ከዚያ የደረቀውን ጭቃ እየላሰ ሄደ። ድምፅ ነበረው፤ ድመት ወተት ስትጠጣ ዓይነት። አብሬው ሮጥኩ። የመጀመሪያው የቆስጣ መደብ ላይ ሲደርስ እማዬ እዚያ ተቀምጣ ጠበቀችው፤ እጇን ውስጡ አድርጋ አየችው።

ጋሼ ጡሩምባ ዳገቱ ላይ አፈር ሲመልሱ አገኘኋቸው። ጠጋ ብዬ በጆሮአቸው፣ ዛሬ ጎመኑን ገደሉት አይደል አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና ያ ሁሉ ሰው ነው የገደለው አሉኝ። እኔ ግን አላመንኳቸውም። ጡሩምባው ስቶ አያውቅማ።

ማታ እማዬ ጥቅሏን ከሚስማሩ አወረደች። ፈታችው፣ ቁምጣዬን አራገፈች፣ ሹራቤን አጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተች። ነጠላውን ደግሞ ቦይዋን መርገጥ ያቆሰለውን እግሬን ጠቀለለችበት። ስለ ሞጆ ያን ቀንም፣ በኋላም አንሥታ አታውቅም። አባቴ ለቅበላ መጥቶ ብቻውን ተመለሰ።

ጎመኑ ከዚያ በኋላ አልመጣም ማለቴ አይደለም። ይመጣል። ከፋሲካ በኋላ የወዲህና የላይ ሰፈር ዕድሮችና የኦቦ ጉደታ ሰዎች ተላልከው እንደገና ቀበሩት፤ ያኔ ቀኑን ለመምረጥ ብዙም አልተጨቃጨቁም።

ዕድሩ ግን ጋሼ ጡሩምባን ሳይጠይቅ አላለፈም። ከመጀመሪያው ቀብር ቀጥሎ ባለው እሑድ ተሰብስበው ባሻ ወልዴ ፍርዱን ሰጡ። ሥራው በጎ ነው አሉ፤ ልጆቻችንን የቆጠርንበትን ያን ሰዓት ግን አልረሳንም። ነገ እውነት ሰው ሞቶ ቢነፉ ሰው ጠርጥሮ ቢቀርስ? ጡሩምባው ለሌላ ይሰጥ። ሲናገሩ ድምፃቸው የተቆጣ ሰው አይመስልም ነበር። ጋሼ ጡሩምባም አልተከራከሩም። ጡሩምባውን በጋቢያቸው ጫፍ ወልውለው በሁለት እጃቸው ሰጡ። የዕቃ ቤቱን ጥበቃ ትተውላቸዋል።

በማግስቱ ሄድኩ። ደጁ ላይ ተቀምጠዋል። እጃቸው ባዶ ሲሆን ትንሽ ሰው መሰሉኝ። ብዙ ጥያቄ ነበረኝ፤ አንዱን ብቻ ጠየቅሁ። እንደሚወስዱባቸው እያወቁ ለምን ነፉ?

እንደ ልማዳቸው አሰቡ። አላውቅም ሊሉኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣

«አንተ ሞጆ ብትሄድ ይሄን ሁሉ ጥያቄ ማን ይጠይቀኛል?» አሉኝ።

አዲሱ ለፋፊ ጡሩምባውን ከተቀበለ በኋላ ሰው እሳቸውን ምን ብሎ እንደሚጠራቸው ግራ ገባው። ጋሼ ጡሩምባ እንዳይሏቸው ጡሩምባ የላቸውም። አንዳንዱ እሳቸው ይላል፣ አንዳንዱ ሽማግሌው፤ አንዳንዱም ሲያገኛቸው አንገቱን ዝቅ አድርጎ ያልፋል። እኔ ይህ ደስ አላለኝም። ስለዚህ አንድ ቀን ባላዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ስምዎ ማን ነው አልኳቸው። ሳቁ፤ የፊት ጥርስ አልነበራቸውም። ከስንት ጊዜ በኋላ የተጠየቁት እንደሆነ እንጃ፤ ለመመለስ እሱንም አሰቡበት።

ላቀው ይመኑ ነው አሉኝ። ጋሼ ላቀው ይመኑ።